ትንንሽ ልጆች ይዞ በዕረፍት ወራት ቤት መቀየር፦ ንባቡን ሳያቋርጡ ለውጡን ማለፍ

ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ቤት የሚቀይሩት ብዙውን ጊዜ ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው ወራት ነው። ልጅን ከትምህርቱ መሐል ማንሣት አይወደድም፤ አዲሱ ትምህርት ቤትም ተማሪ የሚመዘግበው በዚያው ሰሞን ነው። ችግሩ ሌላውም ለውጥ ሁሉ ይህንኑ ጊዜ ሲጠብቅ መቆየቱ ነው። ዳይፐር የሚተወው፣ ጡት የሚጣለው፣ ሕፃኑ ከወላጆቹ አልጋ ወደ ራሱ አልጋ የሚዛወረው፣ ሞግዚት የምትቀየረው፣ ታላቁ ልጅ አንደኛ ክፍል ለመግባት የሚዘጋጀው፣ አንዳንድ ጊዜም አዲስ ሕፃን የሚጠበቀው በዚሁ ዕረፍት ነው። ከዚህ በታች የቀረበው መመሪያ ይህን ሁሉ ጫና የማስወገድ ተስፋ አይሰጥም። የሚመክረው፣ ቤቱ፣ ሰፈሩና የጨዋታ ጓደኛው ሲቀየር ለልጆች ጮክ ተብሎ የሚነበብበት ሰዓት ሳይቀየር እንዲቆይ፣ የቀረውም ዝግጅት በተቻለ መጠን በዚያ ሰዓት ዙሪያ እንዲደራጅ ነው።

ንባብ ለዚህ መመረጡ ያለ ምክንያት አይደለም። ጓሮው፣ የጎረቤት ልጅና የለመዱት መኝታ ክፍል ተጭነው የሚሄዱ ነገሮች አይደሉም፤ በእናት ወይም በአባት ጭን ላይ ተቀምጦ የሚሰማ ታሪክ ግን አልጋው ቢፈታታ፣ መጋረጃው ቢወርድ፣ መብራቱ ገና ባይቀጠል እንኳ በእጅ ባትሪ ብርሃን ሊከናወን ይችላል። በተጨማሪም ትንሽ ልጅ ቀኑን የሚያውቀው በሰዓት ሳይሆን በቅደም ተከተል ነው፤ ከእራት በኋላ መታጠብ፣ ከመታጠብ በኋላ መጽሐፍ፣ ከመጽሐፍ በኋላ እንቅልፍ። ይህ ተራ ከተጠበቀለት የክፍሉ መቀየር ያን ያህል አይከብደውም።

የለውጦቹን ጊዜ መለያየት

አስቀድመው በዚያ ዕረፍት ይመጣሉ ብለው የሚያስቧቸውን ለውጦች በሙሉ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ከዚያም ቀናቸው በእጅዎ ያለውንና የሌለውን ይለዩ። የቤት ቁልፍ የሚረከቡበት ቀን፣ የትምህርት መክፈቻና የመውለጃ ጊዜ በእርስዎ ፈቃድ የሚንቀሳቀሱ አይደሉም። ዳይፐርና ጡጦ ማስተው፣ ጡት ማስጣልና አልጋ መለየት ግን ሊዘገዩ ስለሚችሉ፣ ቤት ከሚቀየርበት ቀን በፊትም ሆነ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ባይነኩ ይመረጣል። ብዙ ወላጆች «ዕረፍቱ ሳያልቅ ሁሉንም እንገላገለው» ይላሉ። በዚህ አልስማማም፤ በአንድ ጊዜ የተጀመሩ ሦስት ለውጦች አብዛኛውን ጊዜ ሦስቱም እንደገና ይጀመራሉ።

የሕፃን አልጋ ለብቻው ሊታሰብበት ይገባል። ልጁ ለትልቅ አልጋ የደረሰ ቢሆንም አሮጌው አልጋ ወደ አዲሱ ቤት ሄዶ ጥቂት ሳምንታት ቢያገለግል መልካም ነው፤ አዲስ ክፍል ውስጥ አዲስ አልጋ ማለት በአንድ ሌሊት ሁለት ለውጥ ማለት ነውና። ከዚህ የሚለየው ልጁ የአልጋውን ፍርግርግ ተሻግሮ መውረድ ከጀመረ ነው፤ ያን ጊዜ ደኅንነቱ ይቀድማል። ሌላ ሕፃን የሚጠበቅ ከሆነ ደግሞ ታላቁ ልጅ አልጋውን የሚለቀው ሕፃኑ ከመወለዱ ብዙ ቀደም ብሎ ይሁን፤ አለዚያ አልጋዬን ተነጠቅሁ ብሎ ቂሙን በታናሹ ላይ ያደርጋል።

ቤት የሚቀየርበትን ቀን የመምረጥ ዕድል ካለ ትምህርት ከመከፈቱ ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቀደም ቢል ይሻላል። ይህ ጊዜ ልጁ መንገዱን እንዲለምድና እንቅልፉ እንዲስተካከል ያስፈልጋል። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ማስረጃና በቋሚነት የሚወሰድ መድኃኒት ከዕቃው ጋር ሳይጫኑ በእጅ ቦርሳ ይያዙ።

ለልጁ መቼና እንዴት ይነገረው

ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ «ከአንድ ወር በኋላ» የሚለው አነጋገር ምንም አይነግረውም፤ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ቢነገረው ይበቃዋል። ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ላለው የመጀመሪያው ባዶ ካርቶን ቤት በሚገባበት ቀን መንገር ተገቢ ነው፤ ካርቶኑን አይቶ ምንም ሳይባል ከቀረ የራሱን ታሪክ ይፈጥራል፣ ያም ታሪክ ከእውነቱ የከፋ ይሆናል። ትምህርት የጀመረው ልጅ ደግሞ ውሳኔው እንደ ተወሰነ ከወላጆቹ አፍ መስማት አለበት፤ በስልክ ሲወራ ከጆሮው መግባቱ አይቀርምና።

ልጆች የሚጨነቁበት ጉዳይ ወላጆች ከሚያስቡት የተለየ ነው። ትልቁ ሰው ስለ ክፍሎቹ ስፋትና ስለ ሰፈሩ ጸጥታ ሲያስረዳ፣ ትንሹ ልጅ ማወቅ የሚፈልገው አሻንጉሊቱ አብሮት መሄዱን፣ የት እንደሚተኛና ማን አብሮት እንደሚሆን ነው። ለእነዚህ በቀጥታ ይመልሱለት። በእርግጠኝነት የማይሆነውን፣ ለምሳሌ «ጓደኛህን በየሳምንቱ ታገኘዋለህ» የሚለውን፣ አይናገሩ።

ለዚህ ዕድሜ ከማንኛውም ማብራሪያ የሚሻለው ቤት ውስጥ የሚሠራ መጽሐፍ ነው። ሁለት ወረቀት ደርበው አንድ ላይ እጠፉና ማጠፊያውን በክር ይስፉት፤ ስምንት ገጽ ይወጣዋል። በየገጹ አንድ ፎቶግራፍ ወይም ልጁ ራሱ የሣለው ሥዕል ይለጠፍ፤ ከሥሩም አጭር ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፦ «ይህ በራችን ነው። ይህ አልጋህ ነው። አልጋህ በመኪና ይሄዳል። በሩ ግን እዚሁ ይቀራል።» የሚሄደውና የማይሄደው በግልጽ መለየቱ ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጅ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙዎቹ መስኮቱም ደረጃውም አብሮ የሚጫን ይመስላቸዋል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ገጾች ባዶ ይተዉ፤ አዲሱ ቤት ከተገባ በኋላ ልጁ ራሱ ይሞላቸዋል። መጽሐፉ በየምሽቱ ከሌሎቹ ጋር ይነበብ እንጂ ለብቻው ስብሰባ አይጠራለት።

መጻሕፍትን ማሸግ

መጽሐፍ ከቤት ዕቃ ሁሉ ክብደቱ የሚያታልል ነው። ርዝመቱ 40፣ ወርዱና ከፍታው 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን 36 ሊትር ይይዛል፤ በመጽሐፍ ጢም ብሎ ከተሞላ ክብደቱ ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ይሆናል። እንዲህ ያለው ካርቶን ሲነሣ ወይ ሥሩ ይከፈታል ወይ ያነሣውን ሰው ወገብ ይጎዳል። ስለዚህ ለመጽሐፍ ትንሹ ካርቶን ተመርጦ እስከ ግማሹ ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ በመጽሐፍ ይሞላ፣ የቀረው ቦታ በልብስ ወይም በጨርቅ አሻንጉሊት ይደልደል፤ ክብደቱም ከ15 ኪሎ ግራም ባይበልጥ ጥሩ ነው። ሥሩ ላይ ፕላስተር ሁለት ጊዜ፣ አንዱ በሌላው ላይ አቋርጦ ይለጠፍ።

ጠንካራ ሽፋን ያላቸው መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ እንደሚቆሙት ቀጥ ብለው ይደርደሩ፤ ስስ ሽፋን ያላቸው ይጋደሙ። የገጾቹ ጠርዝ ወደ ታች፣ ጀርባቸው ወደ ላይ ሆኖ መቆም የለባቸውም፤ የወረቀቱ ክብደት ከመጠረዣው ላይ እየጎተተ ያላቅቃቸዋል። ካርቶኑ ለወራት ሳይከፈት የሚቆይ ከሆነ ከመሬት ከፍ ብሎ በደረቅ ቦታ ይቀመጥ። በፕላስቲክ አጥብቆ መጠቅለል ውኃ የሚከላከል ቢመስልም፣ ትንሽ እርጥበት አብሮ ከታሸገ ሻጋታ ያበቅላል። ከቤተ መጻሕፍት የተዋሷቸው ካሉ ማሸጉ ሳይጀመር ይመለሱ፤ የተዋሱት መጽሐፍ ከራስ መጽሐፍ ጋር ከታሸገ የሚገኘው መመለሻው ካለፈ በኋላ ነው።

መጻሕፍትን መቀነስ ካስፈለገ ልጁ ባለበት ይሁን። አጋጣሚውን ተጠቅሞ ያረጀውን በስውር መጣል ለወላጅ ይቀላል፤ ነገር ግን ልጁ ዓመት የረሳውን መጽሐፍ የሚጠይቀው መጽሐፉ ከሄደ ማግስት ነው። ሦስት ቦታ ያዘጋጁ፦ አብሮን የሚሄድ፣ ለሌላ ልጅ የሚሰጥ፣ ገና ያልወሰንንበት። ያልተወሰነበት ክምር ከፍ ቢልም አብሮ ይሂድ፤ በዚህ ሰሞን ከልጅ ጋር የሚደረግ ክርክር ከአንድ ካርቶን ይከብዳል።

የልጆቹን መጻሕፍት ካሸጉ በኋላ ካርቶኑን ልጁ ራሱ ምልክት ያድርግበት። መጻፍ የማይችለው ክብ ወይም ዓሣ ይሣል፤ በሦስት ጎን ይሁን፣ ካርቶኖች ሲደራረቡ አንዱ ጎን ብቻ ነውና የሚታየው።

ከካርቶን ውጪ የሚቀሩት መጻሕፍት

በመጨረሻ ታሽጎ በመጀመሪያ የሚከፈት አንድ ቦርሳ ይኑር። ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል የጨርቅ ቦርሳ ይበቃል። ውስጡ ከአምስት እስከ ሰባት መጻሕፍት፣ ቤት ውስጥ የተሠራው መጽሐፍ፣ የእጅ ባትሪና ልጁ አብሮት የሚተኛው አሻንጉሊት ወይም ጨርቅ ይግባ። ይህ ቦርሳ ወደ ጭነት መኪናው አይገባም፤ ከሰው ጋር ይሄዳል። አብሮት የሚተኛው ጨርቅ አይታጠብ፤ ሽታው ከአሮጌው ቤት የሚሄድ አንድ ነገር ነው።

መጻሕፍቱን ልጁ ይምረጥ፤ ሁለቱ ሕፃን ሳለ የተነበቡለት ቢሆኑ አይከልክሉት። ትልልቅ ልጆችን በተመለከተ ለዚህ ማስረጃ አለ። ሪቻርድ አሊንግተንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት ውስጥ፣ አቅማቸው ዝቅተኛ ከሆኑ ቤተሰቦች የመጡ ተማሪዎች ለሦስት ተከታታይ ረጅም ዕረፍቶች ራሳቸው የመረጧቸውን 12 መጻሕፍት ወደ ቤታቸው ወስደው ነበር፤ በመጨረሻ የተገኘው የንባብ ውጤታቸው መጻሕፍቱን ካልወሰዱት የተሻለ ሆኗል። መጽሐፍ መስጠቱ ብቻ ሳይሆን ምርጫውን ለልጁ መተዉ የጥናቱ አካል ነበር።

አምስት መጽሐፍ ለሳምንታት ያንሳል ብሎ የሚሰጋ ወላጅ አይስጋ። እ.ኤ.አ. በ2011 ጄሲካ ሆርስትና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት፣ ተመሳሳይ ታሪክ ደጋግሞ የተነበበላቸው የሦስት ዓመት ልጆች፣ እነዚያኑ አዳዲስ ቃላት በተለያዩ ታሪኮች ውስጥ ከሰሙት ልጆች ይልቅ ቃላቱን በተሻለ ሁኔታ ይዘው ተገኝተዋል። ልጁ «እንደገና!» ሲል ወላጁ ይሰለቻል፤ ልጁ ግን ሥራ ላይ ነው። ሌላው ሁሉ እንግዳ በሆነበት ሰሞን ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣውን ገጽ አስቀድሞ ማወቁ ራሱ ዕረፍት ይሰጠዋል።

የንባቡ ሰዓት አጭር ሊሆን ይችላል። በደከሙበት ምሽት ከሃያ ደቂቃው ይልቅ አምስት ደቂቃ ይብቃ፤ የሚጠበቀው ተራው እንጂ ርዝመቱ አይደለም። አነባበቡን በተመለከተ ግሮቨር ዋይትኸርስትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተሙት ጥናት እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ነው። ወላጆቹ ከማንበብ ጎን ለጎን እንዲጠይቁ፣ የልጁን መልስ አስፍተው እንዲመልሱለት ሠልጥነው ነበር፤ ልጆቻቸውም በአንድ ወር ውስጥ በንግግር ችሎታ ቀደም ብለው ተገኝተዋል። አሠራሩ ቀላል ነው። ሥዕሉን እያሳዩ «ይሄ ምን እያደረገ ነው?» ይበሉ። ልጁ «ውሻ» ካለ «አዎ፣ ቡችላው ጫማውን እየጎተተ ነው» ብለው ይመልሱ። ከዚያ ልጁ በራሱ ቃል እስኪደግመው ትንሽ ይጠብቁ። በየገጹ መጠየቅ ግን ታሪኩን ፈተና ያስመስለዋል፤ በአንድ መጽሐፍ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይበቃል።

ማንበብ የጀመረውን ልጅ በተመለከተ ወላጆችን የሚያስጨንቃቸው በረጅም ዕረፍት ይረሳል የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ፣ 39 ጥናቶችን የገመገመ ሥራ፣ የዕረፍቱ ኪሳራ በአማካይ የአንድ ወር ትምህርት ያህል ነው ብሎ ነበር፤ ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን የኪሳራው መጠን በፈተናዎቹ አዘገጃጀት ላይ የተመሠረተ ነው በማለት ይከራከሩበታል። ከዚያው ሥራ ሳይጠቀስ የሚታለፈው፣ ይበልጥ የሚረሳው የሒሳብ ስሌትና የቃላት አጻጻፍ መሆኑ ነው። እንግዲህ ቤት እየቀየረ ያለ ቤተሰብ በንባብ ሰንጠረዥ፣ በኮከብና በሽልማት ራሱን ማድከም የለበትም። ካርቶን ላይ የሚጻፈውን ልጁ ቢጽፍ፣ የዕቃውን ዝርዝር ቢያነብና ካርቶኖቹን ቢቆጥር ንባብም፣ አጻጻፍም፣ ሒሳብም ያገኛል።

ዕቃው የሚጫንበት ቀን

በዚህ ቀን ትንንሽ ልጆች ከቤቱ ቢርቁ ይመረጣል፤ ነገር ግን ተመልሰው ባዶውን ቤት ሳያዩ ወደ አዲሱ አይወሰዱ። ክፍሎቹን እየዞሩ «ደኅና ሁን» ይበሉ፣ ይውጡ። ልጁን የሚይዝ ሰው ካልተገኘ አንድ ክፍል በመጨረሻ የሚጫን ይሁን፤ ከወላጆቹም አንዱ ሌላ ሥራ ሳይሰጠው ከልጁ ጋር በዚያ ይቀመጥ። ዕቃ እየተመላለሰ በሚገባበትና በሚወጣበት ሰዓት በሩ ክፍት ስለሚሆን «ሁላችንም እናየዋለን» የተባለ ልጅን ማንም አያየውም።

ልጅ በቆመ መኪና ውስጥ ለአፍታም ቢሆን ብቻውን አይተው። በፀሐይ የቆመ መኪና የውስጡ ሙቀት በ10 ደቂቃ ብቻ 10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ሊጨምር ይችላል፤ መስኮቱን ትንሽ መክፈትም ብዙ አይለውጠውም።

የመጀመሪያው ሌሊትና ከዚያ በኋላ

አዲሱ ቤት ሲገባ ብዙ ሰው ከማድ ቤቱ ይጀምራል። ትንሽ ልጅ ካለ ግን መጀመሪያ የሚዘረጋው የልጁ አልጋ ነው። በአሮጌው ክፍል አልጋው ከበሩ በየትኛው በኩል እንደነበረ፣ ልጁ ወደየት ዞሮ እንደሚተኛ ፎቶግራፍ አንሥተው ይምጡ፤ በሚቻል መጠን እንዲሁ ያስቀምጡት። አልጋው ተዘርግቶ የመጻሕፍቱ ቦርሳ አጠገቡ ከተሰቀለ ሌላው ካርቶን ነገ ቢከፈት ችግር የለውም።

ልጁ በነፃነት ከመንቀሳቀሱ በፊት ቤቱን በእርሱ ቁመት ተንበርክከው ይዩት። የመጽሐፍ መደርደሪያ፣ ቁም ሣጥንና ባለ መሳቢያ ኮመዲኖ በብሎን ከግድግዳ ጋር ይታሰሩ፤ ልጅ መሳቢያውን እንደ ደረጃ ሲወጣበት ይገለበጣልና። ይህ «ሲመቸን እናደርገዋለን» የሚባል ሥራ አይደለም፤ መደርደሪያው ባዶ ከሆነበት ጊዜ ይልቅ መጽሐፍ ከሞላበት በኋላ ይበልጥ ያደቅቃል። ከባዶቹ መጻሕፍት ከታች፣ የልጁም መጻሕፍት ከታች፣ እጁ በሚደርስበት ይሁኑ። መስኮት ሥር አልጋም ወንበርም አይቀመጥ፤ የመጋረጃ ገመድ ከፍ ተደርጎ ይታሰር። ቀዳሚው ተከራይ ትቶት የሄደው ትንንሽ ነገር፣ በተለይ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባትሪ፣ ከወለሉና ከመሳቢያው ተፈልጎ ይነሣ፤ ልጅ ከዋጣት በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮ ልታቃጥል ስለምትችል ተውጣለች ብለው ከጠረጠሩ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። የሙቅ ውኃ ማሞቂያው ከ49 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ እንዳይሄድ ይስተካከል።

ዳይፐር የተወው ልጅ እንደገና ቢሸና፣ ለብቻው ይተኛ የነበረው ወደ ወላጆቹ አልጋ ቢመጣ፣ በደንብ ይናገር የነበረው እንደ ሕፃን ቢንተባተብ አይገረሙ፤ አይቆጡት፣ ቅጽል ስምም አያውጡለት። አብዛኛው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ልጁ ምግብ እምቢ ካለ፣ ክብደቱ ከቀነሰ ወይም ጭንቀቱ ከወር በላይ ሳይቀንስ ከቆየ ሐኪም ይየው።

ትምህርት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው የመኝታ ሰዓቱን ማስተካከል ይጀመር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ የቀን እንቅልፉን ጨምሮ በቀን ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት ይገባዋል፤ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ላለው ከ11 እስከ 14 ሰዓት ነው። በዕረፍቱ ሲያመሽ የከረመውን ልጅ በአንድ ምሽት ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ማስተኛት አይሆንም። በየሁለት ሦስት ቀኑ 15 ደቂቃ ብቻ ይቅደም፤ መታጠቡም፣ መጽሐፉም አብረው ይቅደሙ፣ ተራቸው ሳይዛባ። በዚያው ሳምንት የትምህርት ቤቱን መንገድ ከልጁ ጋር በእግር ይሂዱ፤ በአቅራቢያ ያለ ቤተ መጻሕፍት ካለ ያስመዝግቡት፣ የሚዋሰውንም መጽሐፍ ራሱ ከመደርደሪያው ያውርድ።